ስታጎሉት የማይደበዝዝ ምስል፦ ቬክተርን ጌም ውስጥ የማስገባት ዝርዝር መመሪያ

ጌም ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። አይከኑን በ128 ፒክስል ትሠራላችሁ። የራሳችሁ ስክሪን ላይ ቆንጆ ነው። ከዚያ ጓደኛችሁ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ይከፍተዋል። ጠርዙ ሁሉ ደብዝዟል፣ ሰያፍ መስመሩ የመጋዝ ጥርስ መስሏል።

ቀላሉ መፍትሔ ትልቅ ምስል ማስገባት ይመስላል። ግን 1024 በ1024 የሆነ ምስል ካልታመቀ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። ሃምሳ አይከን ካላችሁ 200 ሜጋባይት ሄደ ማለት ነው። ተጫዋቹ ካሜራውን አሁንም ጠጋ ካደረገው ደግሞ መደብዘዙ አይቀርም።

ቬክተር ምስል ፒክስል አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው የቅርጹን መንገድ ነው፦ ከዚህ ነጥብ ተነስ፣ በዚህ በኩል ታጠፍ፣ እዚያ ቁም። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት ጥርት እንዳለ ይቆያል። ችግሩ ያለው ጂፒዩው (ስክሪኑ ላይ ምስል የሚስለው ቺፕ) ጋ ነው። ጂፒዩ ሦስት ማዕዘንና ቴክስቸር (ቅርጽ ላይ የሚለጠፍ ባለ ፒክስል ምስል) እንጂ ኩርባ አያውቅም። አዳዲሶቹ ዘዴዎች በሙሉ የተፈጠሩት ይቺን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ቬክተር ለጌም እንግዳ እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 አታሪ ባወጣው አስትሮይድስ ላይ የስክሪኑ ጨረር መስመሩን ራሱ እየተከተለ ይስል ነበር። ፒክስል የሚባል ነገር የለም። በ1982 ደግሞ ቬክትሬክስ የተባለው ኮንሶል ይህንኑ ቤት ድረስ አመጣው። በኋላ ባለ ፒክስል ስክሪን ሁሉንም ጠቀለለውና ያ ጥራት ተረሳ። አሁን እየተመለሰ ያለው በሌላ በር ነው።

በዚህ መመሪያ አንድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይዘን ከስዕል እስከ ጌም እንሄዳለን። የሚያስፈልጉን ሦስት ነጻ መሣሪያዎች ናቸው፦ ለመሳል ኢንክስኬፕ፣ ለመቀየር ኤምኤስዲኤፍጀን፣ ጌሙን ለመገንባት ጎዶት 4። ሌላውን የጌም መሥሪያ ዩኒቲን የምትጠቀሙም ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለያየው የቁልፎቹ ስም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡን እንያዝ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። እዚህ ያለው አንድ ሐሳብ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ከሱ ይመዘዛል።

ወረቀት ላይ ክብ ሳሉ። ወረቀቱን በትንንሽ ካሬ ክፈሉት። ካሬዎቹን ቀለም አትቀቡ፤ በየካሬው አንድ ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ከዚያ ካሬ እስከ ክቡ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ክቡ ውስጥ ከሆናችሁ ፖዘቲቭ፣ ውጭ ከሆናችሁ ኔጌቲቭ፣ ልክ ጠርዙ ላይ ከሆናችሁ ዜሮ። ይህ የርቀት ካርታ ይባላል። በሙያው ቋንቋ ኤስዲኤፍ ነው።

ታዲያ ይህ ከቀለም በምን ይሻላል? ጂፒዩ ምስል ሲያጎላ በሁለት ካሬዎች መካከል ያለውን በግምት ይሞላል። አንዱ ካሬ ነጭ፣ ጎረቤቱ ጥቁር ከሆነ መሃሉን ግራጫ ያደርገዋል። ያ ግራጫ ነው ድብዛዜው። ርቀት ግን እንደ ቀለም በድንገት አይገለበጥም፤ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። አንዱ ካሬ 2፣ ጎረቤቱ −2 ካሉ ጠርዙ መሃላቸው ላይ ነው። አንዱ 1፣ ሌላው −3 ካሉ ጠርዙ ከመጀመሪያው ሩብ መንገድ ላይ ነው። ግምቱ ጠርዙን ከካሬዎቹ በላይ አጥርቶ ያገኘዋል። ሼደሩ (የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም የሚወስነው ትንሽ የጂፒዩ ፕሮግራም) ማድረግ ያለበት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ከዜሮ በላይ ነኝ ወይስ በታች?

የጌም ኩባንያው የቫልቭ ባልደረባ ክሪስ ግሪን ይህን ዘዴ በ2007 በጽሑፍ ሲያቀርብ 4096 በ4096 የነበረን ምስል 64 በ64 በሆነ የርቀት ካርታ ተክቶ አሳይቷል። ዘዴው በዚያው ዓመት በወጣው ቲም ፎርትረስ 2 ውስጥ ሠርቷል። 64 በ64 የሆነ ባለ አራት ቻናል (ሦስት ለቀለም፣ አራተኛው አልፋ ለግልጽነት) ካርታ 16 ኪሎባይት ነው። ከላይ ካየነው 4 ሜጋባይት በ256 እጥፍ ያንሳል።

አንድ ጉድለት አለው። ሹል ጫፍ ይዶለዱማል። የኮከባችን ጫፍ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ጠርዞች ይገናኛሉ። አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ካሬ ሁለቱን ጠርዞች ለይቶ ማስታወስ አይችልም፤ ስለዚህ ግምቱ ጫፉን በማሾል ፈንታ ያድበለብለዋል። መፍትሔውን ያመጣው ቪክቶር ክሉምስኪ ነው፤ በ2015 ፕራግ ውስጥ ለማስተርስ ባቀረበው ሥራ። ምስል እኮ ሦስት የቀለም ቻናል አለው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ ቻናል የተለያዩ ጠርዞችን ርቀት ይያዝ። ሼደሩ ከሦስቱ ቁጥሮች መካከለኛውን ይውሰድ። ጫፉ ሹል ሆኖ ይወጣል። ኤምኤስዲኤፍ የሚባለው ይህ ነው፤ እኛም የምንጠቀመው ይህንኑ ነው።

1ኛ፦ ስዕሉን ማጽዳት

ኢንክስኬፕ ላይ ኮከቡን ሳሉ። ስዕሉ ለዓይን ስላማረ ብቻ ዝግጁ ነው አትበሉ። መቀየሪያው የሚያነበው ዝግ ቅርጽ ብቻ ነው። በመስመር ውፍረት የሳላችሁት ነገር ካለ ፓዝ ከሚለው ሜኑ ስትሮክ ቱ ፓዝ በሉትና ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ተደራርበው የተቀመጡ ቅርጾችን በዩኒየን አዋህዷቸው። በመጨረሻ ፋይሉ ውስጥ አንድ ፓዝ (የቅርጽ መንገድ) ብቻ መቅረት አለበት። ኤምኤስዲኤፍጀን በመደበኛው አሠራር ከኤስቪጂ (የቬክተር ምስል) ፋይል የሚያነሳው የመጨረሻውን ፓዝ ብቻ ነው። ሌሎቹ ካሉ ሳይነግራችሁ ይተዋቸዋል።

ቀለም እዚህ ቦታ የለውም። ሁለት ቀለም ያለው አይከን ሁለት ፋይል ይሁን፤ ጌሙ ውስጥ ትደራርቧቸዋላችሁ። ውፍረትም ተመልከቱ። 64 ካሬ ባለው ካርታ ላይ ከሁለት ካሬ የቀጠነ መስመር ሊቆራረጥ ይችላል። ቀጭን ነገር ካላችሁ ወይ አወፍሩት ወይ ካርታውን ወደ 96 ወይም 128 አሳድጉ።

2ኛ፦ ካርታውን ማውጣት

ኤምኤስዲኤፍጀን በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አራት ነገር ትነግሩታላችሁ። ዓይነቱ ኤምቲኤስዲኤፍ ይሁን፤ ይህ ሦስቱን ቻናል ለሹል ጫፍ፣ አራተኛውን አልፋ ደግሞ ለእውነተኛው ርቀት ያውለዋል። መጠኑ 64 በ64። የርቀት ወሰኑ 4 ፒክስል። ቅርጹን ራሱ መሃል እንዲያስቀምጠውም ኦቶፍሬም የሚለውን ጨምሩ።

የሚወጣው ፒኤንጂ ያስደነግጣል። ኮከቡ ሐምራዊ፣ ቢጫና ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ታዩታላችሁ። ትክክል ነው። እነዚያ ቀለሞች አይደሉም፣ ቁጥሮች ናቸው።

የርቀት ወሰን የሚለው ቃል ኋላ ስለሚመለስ እዚህ ላይ እንረዳው። ምስል ኔጌቲቭ ቁጥር አይዝም። ስለዚህ ጠርዙ በ0.5 ይወከላል፣ ውስጡ ወደ 1፣ ውጭው ወደ 0 ይሄዳል። ወሰኑ 4 ሲሆን ከ0 እስከ 1 ያለው ጉዞ አራት ካሬ ይሸፍናል፦ ከጠርዙ ሁለት ካሬ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ካሬ ወደ ውጭ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካርታው አያውቅም።

3ኛ፦ ጎዶት ውስጥ ማስገባት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። እኔም አንዴ ግማሽ ቀን የሄደብኝ እዚሁ ነው። የኮከቡ ጫፍ አካባቢ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሼደሩን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምንም ስህተት የለበትም። ችግሩ መጭመቂያው ነበር። ቪራም ኮምፕረስ የሚለው ምስሉን 4 በ4 እየቆረጠ በየቁራጩ ያሉትን ቀለሞች ወደሚቀራረቡ ጥቂት ቀለሞች ያጠጋጋቸዋል። ለፎቶ ችግር የለውም። የኛ ሦስት ቻናሎች ግን እርስ በርስ የማይገናኙ ቁጥሮች ስለሆኑ ይበላሻሉ።

ስለዚህ ኢምፖርት በሚለው ክፍል ኮምፕረስ ሞዱን ሎስለስ (ምንም የማያበላሸው) ላይ ተዉት። ፊክስ አልፋ ቦርደር የሚለውን አጥፉት፤ እሱ አልፋቸው ዝቅ ያለ ፒክስሎችን ቀለም ስለሚነካካ ርቀቱን ያበላሽባችኋል። ፊልተሩ ሊኒየር መሆኑን አረጋግጡ። ፒክስል አርት ስትሠሩ ኒረስት አድርጋችሁት ከነበረ ዘዴው በሙሉ አይሠራም፤ የካሬ ለካሬ ግምቱ የሚመጣው ከሊኒየር ነው። ዩኒቲ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኤስአርጂቢ የሚለውን ምልክት አንሱት። ካልተነሳ 0.5 የነበረው ጠርዝ ሌላ ቁጥር ይሆንና ኮከቡ ይከሳል።

4ኛ፦ ሼደሩ

ሼደሩ አጭር ነው። ሥራውን በአማርኛ ብጽፈው ይህን ይመስላል፦

መካከለኛ = ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መካከለኛው ቁጥር
የስክሪን ወሰን = የርቀት ወሰን × (በስክሪኑ ላይ ያለው ስፋት ÷ የካርታው ስፋት)
መታየት = የስክሪን ወሰን × (መካከለኛ − 0.5) + 0.5፣ ከ0 እስከ 1 ተገድቦ

መካከለኛውን ለማግኘት ያለ ኢፍ (“ይህ ከሆነ” ከሚል ትእዛዝ ውጭ) መሥራት ይቻላል። ከቀይና ከአረንጓዴ ትንሹን ያዙ። ከቀይና ከአረንጓዴ ትልቁን ደግሞ ከሰማያዊ ጋር አወዳድሩና ትንሹን ያዙ። ከነዚህ ከሁለቱ ትልቁ መልሱ ነው።

በስክሪኑ ላይ ያለውን ስፋት በእጅ መስጠት አያስፈልግም። ኤፍዊድዝ የሚባለው ፈንክሽን ከአንድ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ስትሄዱ የቴክስቸሩ አድራሻ በስንት እንደተለወጠ ይነግራችኋል። 1ን ለዚያ ስታካፍሉ ቴክስቸሩ ስክሪኑ ላይ ስንት ፒክስል እንደያዘ ታገኛላችሁ። ካሜራው ቢቀርብም ቢርቅም ቁጥሩ ራሱን ያስተካክላል። ጥራቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ጣቴን የምጠቁመው እዚህ መስመር ላይ ነበር።

በቁጥር እንየው። ካርታችን 64፣ ወሰኑ 4 ነው። ኮከቡን በ256 ፒክስል ስፋት አስቀመጥነው። 256 ለ64 ሲካፈል 4፣ በ4 ሲባዛ 16። አንድ ፒክስል መካከለኛው 0.52 ሆነ እንበል። 0.52 ሲቀነስ 0.5፣ 0.02 ነው። በ16 ሲባዛ 0.32፣ ሲደመር 0.5፣ 0.82። ጠርዙ ላይ ስለሆነ በከፊል ይታያል። ሌላ ፒክስል 0.6 ቢሆን 2.1 ይወጣና በ1 ይገደባል፤ ሙሉ ይታያል። 0.45 ቢሆን ከዜሮ በታች ይሆናል፤ አይታይም። ለስላሳው ሽግግር አንድ ፒክስል አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው። ዓይን የሚወደው ደግሞ ይህን ነው።

ኮከቡን ወደ 32 ፒክስል ስታሳንሱት ያ 16 ወደ 2 ይወርዳል። ከ2 በታች ከሄደ ጠርዙ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ የስክሪን ወሰኑ ከ1 እንዳይወርድ በማክስ (ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን በሚመርጠው ፈንክሽን) ያዙት። በጣም ትንንሽ ለሚታዩ አይከኖች ደግሞ የርቀት ወሰኑን ከመጀመሪያው 6 ወይም 8 አድርጋችሁ ካርታውን አውጡ።

5ኛ፦ በነጻ የሚመጡት ውበቶች

እኔ ይህን ዘዴ የወደድኩት እዚህ ስደርስ ነው። ርቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ ቅርጹን ሳትነኩ ብዙ ነገር ትሠራላችሁ።

ዙሪያ መስመር ከፈለጋችሁ መቁረጫውን ከ0.5 ወደ 0.25 አውርዱት። ወሰኑ 4 ስለሆነ 0.25 ማለት አንድ ካሬ ወደ ውጭ ነው። በ256 ፒክስል ስፋት ላይ 4 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር ይሆናል። ውስጡን በአንድ ቀለም፣ ከ0.25 እስከ 0.5 ያለውን በሌላ ቀለም ሙሉት። ተጫዋቹ ሲጠቁመው መስመሩ እንዲያብጥ ማድረግ አንድ ቁጥር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ለብርሃንና ለጥላ አልፋ ቻናሉን ተጠቀሙ። የሦስቱ መካከለኛ ከጠርዙ ራቅ ሲል በጫፎቹ ዙሪያ እውነተኛ ርቀት መሆኑን ስለሚተው ብርሃኑ ይሰባበራል። አልፋው ግን ንጹህ ርቀት ነው። ጥላ ለመሥራት ካርታውን ትንሽ ወደ ጎንና ወደ ታች ፈቀቅ አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት፣ ሽግግሩን አስፉት፣ ከኮከቡ ሥር አስቀምጡት።

ገደቡን ግን አትርሱ። ካርታው ከሁለት ካሬ ውጭ ያለውን ስለማያውቅ በ256 ፒክስል ላይ ብርሃኑ ከ8 ፒክስል ማለፍ አይችልም፤ እዚያ ሲደርስ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሰፊ ብርሃን ካማራችሁ ወሰኑን 16 አድርጉ፣ ዳር ዳሩን ስለሚበላ ካርታውንም ወደ 96 ከፍ አድርጉ።

አንዱን ቅርጽ ወደ ሌላ መቀየርም ይቻላል። የኮከቡን ርቀትና የልብ ቅርጽ ርቀትን በጊዜ እያመዛዘናችሁ ብታቀላቅሉ ኮከቡ ቀስ ብሎ ልብ ይሆናል። ቅርጾቹ በመጠንና በቦታ ሲቀራረቡ ያምራል፤ በጣም ከተራራቁ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ለዚህም የአልፋው ርቀት ነው የሚሻለው።

6ኛ፦ ጽሑፍ

ለጽሑፍ ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት የለባችሁም። ጎዶት 4 ላይ የፎንቱን የኢምፖርት ገጽ ክፈቱና መልቲቻናል ሳይንድ ዲስታንስ ፊልድ የሚለውን አብሩ። ዩኒቲ ላይ ቴክስትሜሽ ፕሮ ከመጀመሪያውም የሚሠራው በርቀት ካርታ ነው። ፊደሉ ዙሪያ መስመር እንዲኖረው ካሰባችሁ የፒክስል ወሰኑ ቢያንስ የመስመሩ ውፍረት እጥፍ ይሁን። ቅርጾቻቸው እርስ በርስ የሚቆራረጡ ፎንቶች ግን ቀዳዳና ጭረት ያሳያሉ። ለረጅም ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ እኔ አሁንም ተራውን ፎንት ነው የምመርጠው፤ በትንሹ መጠን እሱ ይበልጥ ይነበባል።

7ኛ፦ ካርታው የማይበቃበት ጊዜ

ሙሉ መልክዓ ምድር ወይም ስክሪን የሚሞላ ገጸ ባሕርይ በርቀት ካርታ አይሞከርም። ብዙ ቀለም፣ ብዙ ቅርጽ፣ ቀጭን ዝርዝር አለው። እዚህ ላይ ቅርጹን ወደ ሦስት ማዕዘን መቁረጥ ይሻላል። ጥያቄው ኩርባውን በስንት ቀጥ ያለ መስመር እንተካው የሚል ነው። መስመሩ ከእውነተኛው ኩርባ ከሩብ ፒክስል በላይ ካልራቀ ዓይን አይለየውም። 100 ፒክስል ራዲየስ ላለው ክብ 45 መስመር ይበቃል። ራዲየሱ 400 ሲሆን የሚያስፈልገው 89 ነው እንጂ 180 አይደለም። አራት እጥፍ ስታጎሉት ዋጋው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ካሜራው ጠጋ ባለ ቁጥር እንደገና ቁረጡት፤ በየፍሬሙ ግን አይደለም፣ መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር ይበቃል። ጠርዙን ለማለስለስ ኤምኤስኤኤ የሚለውን ቅንብር አብሩ፤ ወይም ዙሪያውን አንድ ፒክስል የሚሰፋና ወደ ውጭ እየጠፋ የሚሄድ ቀጭን የሦስት ማዕዘን ቀበቶ ጨምሩለት።

ሦስተኛው መንገድ ኩርባውን ራሱን ጂፒዩ ላይ ማስላት ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ሉፕና ጂም ብሊን በ2005 ያሳዩት ዘዴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። አንድ ኳድራቲክ ኩርባ ሦስት ነጥብ አለው፦ መነሻ፣ መጎተቻ፣ መድረሻ። ሦስቱን ነጥቦች እንደ ሦስት ማዕዘን ሳሏቸው። ለመነሻው 0 እና 0፣ ለመጎተቻው 0.5 እና 0፣ ለመድረሻው 1 እና 1 የሚሉ ጥንድ ቁጥሮች ስጧቸው። በመሃል ያለውን ጂፒዩ ራሱ ይሞላል። በየፒክስሉ የመጀመሪያውን ቁጥር በራሱ አባዙና ሁለተኛውን ቀንሱ። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ ፒክስሉ ከኩርባው ውስጥ ነው፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ውጭ። በቃ። መነሻና መድረሻውን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር መሃል ብትሞክሩት ጥንዱ 0.5 እና 0.5 ነው፤ 0.25 ሲቀነስ 0.5፣ −0.25፣ ማለትም ውስጥ። መጎተቻው ላይ ደግሞ 0.25 ሲቀነስ 0፣ ፖዘቲቭ፣ ውጭ። ካርታ የለም፣ ገደብ የለም፤ አንድ ሺህ ጊዜ ብታጎሉት ኩርባው ኩርባ ነው።

“ስለግ” የተባለው የኤሪክ ሌንጊየል ሶፍትዌር ፊደልን ቀጥታ ከኩርባው ጂፒዩ ላይ ይስላል። የራፍ ሌቪየን “ቬሎ” ደግሞ በኮምፒዩት ሼደር (ጂፒዩን ለአጠቃላይ ስሌት በሚጠቀም ፕሮግራም) ሙሉ ስዕልን፣ ከነ ግራዲየንቱ (ከነ ቀለም ሽግግሩ)ና ከነ ድርብርቡ፣ በየፍሬሙ ከአዲስ ሊስል ይሞክራል። የጌም ስዕል ሠሪ ያለ ምንም መቀየሪያ ሠርቶ እዚያው የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ለዛሬው ትንሽ ጌም ግን በአይከንና በጽሑፍ ጀምሩ።

8ኛ፦ መፈተን

ደካማው ስልክ ላይ ሞክሩት። የርቀት ካርታ ሜሞሪ ይቆጥባል እንጂ በየፒክስሉ ትንሽ ስሌት ይጨምራል። ከባዱ ስሌቱ ሳይሆን ድርብርቡ ነው፤ ግማሽ የሚያሳዩ ትልልቅ ጥላዎችን አንዱን በሌላው ላይ ከቆለላችሁ ያው ፒክስል አሥር ጊዜ ይቀባል። ባዶውን የምስል ዳር ቁረጡት፣ ጥላውንና ኮከቡን በአንድ ሼደር አንድ ጊዜ ሳሏቸው።

ከዚያ አንድ ባዶ ሲን (የጌም ትዕይንት) ላይ ኮከቡን አስቀምጡና መጠኑ ከ16 ፒክስል እስከ 2000 ፒክስል ቀስ ብሎ እንዲያድግ አድርጉት። ዓይናችሁን ከላይኛው ጫፍ ላይ አትንቀሉ። ከታች ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወሰኑ ጠቧል። መሃል ላይ ነጠብጣብ ከታየ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመለሱ። 2000 ላይ ጎኖቹ ትንሽ ከተወዛወዙ ካርታውን ከ64 ወደ 96 አሳድጉና እንደገና አስሂዱት።